ከአንድ አንቀጽ ወደ ሙሉ ድርሰት፦ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የድርሰት አጻጻፍን ለማስተማር

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የድርሰት ክፍለ ጊዜ የሚያልፈው በሚከተለው መልክ ነው። መምህሩ ሦስት ወይም አራት ርዕሶችን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ «ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ ከአንድ ገጽ ያላነሰ ድርሰት ጽፋችሁ ኑ» ብሎ ያዝዛል፤ ተማሪዎቹም በሳምንቱ ደብተራቸውን ያስረክባሉ። ከደብተሮቹ አንዳንዱ በታላቅ እህት እጅ የተጻፈ ነው፤ አንዳንዱ ከመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ የተገለበጠ ነው፤ የቀረው ደግሞ «ትምህርት ማለት» ብሎ ጀምሮ «ስለዚህ ሁላችንም» ብሎ የሚጨርስ፣ የየትኛውም ልጅ ሊሆን የሚችል ጽሑፍ ነው። መምህሩ ጥቂት የፊደል ግድፈቶችን በቀይ እስክሪብቶ ያከብብና ነጥብ ሰጥቶ ይመልሳል። ድርሰቱ ታዘዘ፣ ተሰበሰበ፣ ታረመ፤ እንዴት እንደሚጻፍ ግን ለተማሪው ያሳየው ሰው የለም።

ይህ የሚሆነው መምህራን ለሥራቸው ግድ ስለሌላቸው አይደለም። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በምርጫ ጥያቄዎች የሚሰጥ በመሆኑ፣ ተማሪው አንድ አንቀጽ አሟልቶ መጻፍ ባይችልም ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ በአንድ ክፍል ውስጥም 50 ወይም 60 ተማሪ መገኘቱ የተለመደ ነው። ሆኖም በ6-2-4 በተዋቀረው አዲሱ የትምህርት ሥርዓት ራሱን ችሎ የቆመው መካከለኛ ደረጃ፣ ማለትም 7ኛና 8ኛ ክፍል፣ ለዚህ ትምህርት እጅግ ውድ ጊዜ ነው። ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ አብዛኛውን ትምህርት የሚከታተለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡን በሚያስብበት ቋንቋ አሰናድቶ ማቅረብን ሳይለምድ ወደዚያ ከተሻገረ፣ ቋንቋውንም አደረጃጀቱንም በአንድ ጊዜ መማር ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አማርኛን ለሚያስተምሩ የመካከለኛ ደረጃ መምህራንና ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስጠኑ ወላጆች ሲሆን፣ የቆመውም በአንድ እምነት ላይ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ድርሰት የሚለመደው ረጅም ጽሑፍ አልፎ አልፎ በማዘዝ ሳይሆን፣ አንድ አንቀጽን በክፍል ውስጥ፣ መምህሩ እያየ፣ ደጋግሞ በመጻፍ ነው።

አንቀጽን አስቀድሞ ማስተማር

የቅኔ ቤት ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ እንዲቀኝ አይጠየቅም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እዚያው በቃል ያርመዋል፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው በመካከል ያሉትን የቅኔ ዓይነቶች በየደረጃው ካለፈ በኋላ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት የጉባኤ ቃናን ቦታ ሊይዝ የሚገባው አንቀጽ ነው። አንድ አንቀጽ አሟልቶ መጻፍ የቻለ ተማሪ ወደ አራት አንቀጽ ለመሸጋገር የሚጎድለው ጥቂት ነው፤ አንቀጽ ያልቻለው ግን ሁለት ገጽ ቢሞላ እንኳ ሐሳቦቹ ተከማችተው ይቀራሉ እንጂ አይያያዙም።

ስለዚህ ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ለአንቀጽ ብቻ ይስጡ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ኃይለ ቃልን ማስለየት ነው። ኃይለ ቃል የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘ ዓረፍተ ነገር ነው የሚለውን ትርጉም ተማሪዎች በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚቸገሩት ራሳቸው ሲጽፉ ነው። ለዚህ ቀላሉ መፈተኛ «ይህ ዓረፍተ ነገር በአንባቢው ልብ ውስጥ ምን ጥያቄ ያስነሳል?» የሚለው ነው። «ቡና ጥሩ ነገር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም ጥያቄ አያስነሳም። «አያቴ ቡና ያፈላች ዕለት የሰፈሩ ጠብ ሁሉ ይበርዳል» የሚለው ግን «እንዴት?» ያሰኛል፤ ቀጥለው የሚመጡት አራትና አምስት ዝርዝር ዓረፍተ ነገሮች ሥራቸው ለዚያ «እንዴት» መልስ መስጠት ብቻ ይሆናል። በሰሌዳ ላይ ስድስት ዓረፍተ ነገሮችን ጽፈው፣ ተማሪዎች እያንዳንዱ የሚያስነሳውን ጥያቄ በቃል እንዲናገሩ ያድርጉ፤ ጥያቄ ያላስነሳውን ራሳቸው ይሰርዙታል። ይህ መልመጃ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም፤ በየሳምንቱ ቢደጋገምም አይሰለችም።

ሁለተኛው መልመጃ ጣልቃ ገብን ማውጣት ነው። ስለ ገና ጨዋታ በሚናገር ስድስት ዓረፍተ ነገር ባለው አንቀጽ ውስጥ «ገና ከመድረሱ በፊት አባቴ በግ ለመግዛት ገበያ ይሄዳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡና የትኛው እንደማይገባ ይጠይቁ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ስለ ገናም ይናገራል፤ ስለ ጨዋታው ግን አይናገርም። ይህን ልዩነት ያየ ተማሪ፣ በኋላ በራሱ ጽሑፍ ውስጥ ያስገባውን ጣልቃ ገብ ማየት ይጀምራል። ሦስተኛው መልመጃ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ሲሆን፣ በመማሪያ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለሚገኝ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

ርዕስን ማጥበብ፣ ከመጻፍ በፊት ማውራት

«ውሃ»፣ «ትምህርት»፣ «ሰላም»፣ «የአካባቢ ጥበቃ» የሚሉ ርዕሶች ለ13 ዓመት ልጅ ወጥመድ ናቸው። ርዕሱ ሰፊ በሆነ ቁጥር ልጁ የሚያውቀውን ትቶ ሲባል የሰማውን ይጽፋል። ከታች የቀረበው፣ በዚህ ዓይነት ርዕስ ላይ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚጽፉትን ለማሳየት የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ያረሙ ሁሉ ያውቁታል።

«ውሃ ማለት ለሰው ልጅ በጣም አስፈላጊ ነገር ነው። ውሃ ከሌለ ሕይወት የለም። ውሃ ለመጠጥ ለልብስ ማጠቢያ ለምግብ ማብሰያ ያገለግላል። በሰፈራችን ውሃ ይጠፋል እና እናቴ ትቸገራለች እና እኛም ሌሊት እንነሳለን እና ትምህርት ላይ እንቅልፍ ይመጣብናል። ስለዚህ ሁላችንም ውሃን በቁጠባ መጠቀም አለብን።»

ብዙውን ጊዜ የመምህሩ እስክሪብቶ የሚያርፈው በተደጋገመው «እና» ላይ፣ ከዚያም በተዘለሉት ነጠላ ሰረዞች ላይ ነው። ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ልጁ በእርግጥ የሚያውቀውን የተናገረው በአራተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የቀሩትን ማንም ሊጽፋቸው ይችላል። መምህሩ ያን ዓረፍተ ነገር አስምሮበት፣ ልጁን ወይም ልጅቷን አጠገቡ አቁሞ «ውሃው የሚመጣው መቼ መቼ ነው? ማን ይቀሰቅሳችኋል? ማን ምን ይሠራል? በማግስቱ ምን ትሆናለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ያለ ችግር ይመጣል፤ ምክንያቱም ልጁ የኖረው ነው። እነዚያው መልሶች ወደ ወረቀት ሲመለሱ አንቀጹ ይህን ሊመስል ይችላል።

«በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ብቻ ስለሆነ፣ በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች በቤታችን ደህና እንቅልፍ የሚተኛ ሰው የለም። ቧንቧው መንፋት ሲጀምር እናቴ ትነሳና እኔንና ታላቅ ወንድሜን ትቀሰቅሰናለች። ወንድሜ ጀሪካኖቹን ተራ በተራ ከቧንቧው ሥር ሲደቅን፣ እኔ የሞሉትን እየጎተትኩ ወደ ወጥ ቤት አስገባለሁ። እናቴ በርሜሉን ሞልታ ክዳኑን ስትገጥም ሊነጋ ጥቂት ይቀረዋል። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት ዓይኔ እየተከደነ የሚያስቸግረኝ በዚህ ምክንያት ነው።»

በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ «ውሃ ሕይወት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር የለም፤ አንባቢው ግን ይህንኑ ይረዳል። ኃይለ ቃሉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል፤ «ለምን አይተኙም?» ያሰኛል፤ የቀሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ለዚያ መልስ ይሰጣሉ። ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ ጽፎ ልዩነታቸውን ተማሪዎች ራሳቸው እንዲናገሩ ማድረግ፣ ስለ ጥሩ ድርሰት ባሕርያት ከሚሰጥ የአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይበልጥ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ የሚገኘው የአሠራር ደንብ፣ ተማሪው እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት እንዲያወራ ማድረግ ነው። አጠገብ ላጠገብ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች በየተራ ለሦስት ሦስት ደቂቃ ያውሩ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው «የት? መቼ? ማን? እንዴት? ከዚያስ?» ከሚሉት በቀር ሌላ አይናገር። ክፍሉ ይንጫጫል፤ በ60 ተማሪ ክፍል ውስጥ ይህ የማይቀር ነው፤ ለርእሰ መምህሩም አስቀድሞ መንገር ይበጃል። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ግን ባዶ ወረቀት ላይ የሚያፈጥ ተማሪ ቁጥሩ በግልጽ ይቀንሳል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ልጆች ባሉበት ክፍል፣ ይህን ወሬ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያደርጉት መፍቀድ ተገቢ ነው፤ ሐሳቡ በአንድ ቋንቋ ከጠራ በሌላው ለመጻፍ ይቀላል። በቤት ውስጥም ወላጅ ከሁሉ የተሻለ ሊያግዝ የሚችለው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልጁን ወክሎ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳይጽፍ፣ እየጠየቀ ማናገር።

ዓረፍተ ነገሩ

በአማርኛ ግሡ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ጀማሪ ጸሐፊ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ፣ ዘንድ ሳይደርስ ባለቤቱን ይረሳል። በተለይ ቦዝ አንቀጽን፣ ማለትም እንደ «መጥቶ» እና «በልቶ» ያለውን ዓረፍተ ነገር የማይዘጋ ግሥ፣ እየደረደሩ መሄድ ቀላል በመሆኑ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በየደብተሩ ይገኛል፦ «ወንድሜ ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን በልቶ ኳስ ሊጫወት ወጥቶ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ እናቴ ሰምታ አለቀሰች።» ባለቤቱ ወንድም ሆኖ ተጀመረ፤ ያለቀሰችው ግን እናት ሆነች። ተማሪው የተሳሳተው ነገሩን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ በአፉ ሲያወራ ድምፁና ፊቱ የሚያግዙትን ያህል በወረቀት ላይ የሚያግዘው ስለሌለ ነው።

ለዚህ የሚሆን አንድ ቋሚ ልማድ ያስይዙ። ተማሪው ጽፎ ሲጨርስ ወደ ኋላ ተመልሶ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከባለቤቱ ሥር አንድ መስመር፣ ከማሰሪያ አንቀጹ ሥር ሁለት መስመር ያስምር። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ወይም በመካከላቸው ሌላ ባለቤት ከገባ፣ ዓረፍተ ነገሩ መቆረጥ አለበት ማለት ነው። ከላይ ያለው በዚህ መንገድ ሲታረም «ወንድሜ ከትምህርት ቤት መጥቶ ምሳውን ከበላ በኋላ ኳስ ሊጫወት ወጣ። እዚያም ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እናቴ ይህን ስትሰማ አለቀሰች» ይሆናል። ጮክ ብሎ ማንበብም እንዲሁ ይረዳል፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አራት ነጥብ የጠፋበት ቦታ ነው።

ይሁን እንጂ መቁረጥን ብቻ ያስተማሩት ልጅ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር አጭር ያደርገዋል፤ ጽሑፉም ይቆራረጣል። ስለዚህ ማጣመርንም በዚያው ሳምንት ያስተምሩ። «ዝናብ ዘነበ» እና «ገበያ ሄድን» የሚሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰጥተው በስንት መንገድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ ይጠይቁ። «ዝናብ ስለዘነበ ገበያ ሄድን» ሲባል ዝናቡ ምክንያት ነው፤ ሰብል ሊዘራ ዘር ለሚገዛ ሰው ትርጉም ይሰጣል። «ዝናብ ቢዘንብም ገበያ ሄድን» ሲባል ዝናቡ እንቅፋት ነው። «ዝናብ ሲዘንብ ገበያ ሄድን»፣ «ዝናብ ከዘነበ በኋላ ገበያ ሄድን»፣ «ዝናብ ሳይዘንብ ገበያ ሄድን» ሲባል ደግሞ የተለወጠው ጊዜው ነው። በግሡ ላይ የምትጨመረው አንዲት ምዕላድ (ትርጉም ያላት ትንሽ የቃል ክፍል) የሁለቱን ሐሳቦች ዝምድና ስትለውጥ ማየት ለተማሪዎች ግኝት ነው፤ «እና» ከሚለው ቃል የሚገላግላቸውም «እና አትበሉ» የሚል ክልከላ ሳይሆን ይህ ዕውቀት ነው።

ሁለት ነገሮች በዚህ ላይ ሊታከሉ ይገባል። አንደኛው የአክብሮት ወጥነት ነው። ስለ አያቱ የሚጽፍ ተማሪ «አያቴ ማለዳ ይነሳሉ» ብሎ ጀምሮ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ከዚያ ጸሎቱን ያደርሳል» ይላል። አንቱታውንም አንተታውንም መምረጥ የልጁ መብት ነው፤ የመረጠውን ግን እስከ መጨረሻው ይያዝ። ሁለተኛው የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በሚሉት ላይ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያጠፉ መምህራን አሉ። የቃሉን አመጣጥ ማስተማር መልካም ቢሆንም፣ ሐሳቡን ገና ማሰናዳት ያልቻለ ልጅ ደብተሩ በዚህ ምክንያት ቀልቶ ሲመለስለት የሚማረው መጻፍን መፍራት ነው። በዚህ ደረጃ አንድን ቃል በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲጽፍ መጠየቅ ይበቃል።

ከአንቀጽ ወደ ድርሰት

አንቀጹ ከተያዘ በኋላ አስተዋጽኦ፣ ማለትም የድርሰቱን አጭር ንድፍ፣ ማውጣት አስቸጋሪ አይደለም። አራት አንቀጽ ላለው ድርሰት የሚያስፈልገው አስተዋጽኦ አራት መስመር ብቻ ነው፤ ለመግቢያ አንድ፣ ለሐተታ ሁለት፣ ለመደምደሚያ አንድ። በየመስመሩ የሚጻፈው «መግቢያ» የሚለው ስም ሳይሆን አንቀጹ የሚናገረው ኃይለ ቃል መሆን አለበት። በሮማውያን ቁጥርና በንዑሳን ፊደላት የተከፋፈለ ረጅም አስተዋጽኦ ለዚህ ዕድሜ ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል።

ከሐተታው እንዲጀምሩ ማድረግ በእጅጉ ይረዳል። ተማሪ መግቢያ ላይ የሚጣበቀው ገና ያልጻፈውን ነገር እንዲያስተዋውቅ ስለሚጠየቅ ነው። ሁለቱን የሐተታ አንቀጾች ከጨረሰ በኋላ መግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ዓረፍተ ነገር ሆኖ ይመጣለታል። በዚያን ጊዜ «ማለት» በሚል ፍቺ መጀመርን ለአንድ መንፈቅ ዓመት መከልከል ተገቢ ይመስለኛል፤ ፍቺ በራሱ ጥፋት ሆኖ ሳይሆን፣ ልጆቹ ሌላ በር መኖሩን የሚያዩት ይህ በር ሲዘጋ ስለሆነ ነው። በጥያቄ፣ በአንድ ክስተት፣ ወይም ሰዎች በተለምዶ በሚሉትና ጸሐፊው በማይስማማበት ነገር መጀመርን በምሳሌ ያሳዩአቸው። በመደምደሚያውም «ስለዚህ ሁላችንም» ለሚለው ምትክ «ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው አሁን ምን ቢያውቅ ትወዳለህ?» ብለው ይጠይቁ።

ከድርሰት ዓይነቶች ተራኪው ይቅደም፤ ቀጥሎ ስዕላዊው፣ ከዚያ ገላጩ፣ በመጨረሻም አመዛዛኙ ይምጣ። ተራኪ ድርሰትን ጊዜው ራሱ ስለሚመራው ቅደም ተከተሉ ልጁን አያስቸግረውም። በስዕላዊ ድርሰት ተማሪው ከየት ጀምሮ ወደየት እንደሚያይ መወሰን አለበት፤ የትምህርት ቤቱን ግቢ ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ፣ ወይም ከሰንደቅ ዓላማው መስቀያ ተነስቶ ዙሪያውን እንዲገልጽ ማዘዝ ጥሩ መነሻ ነው። ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር አሠራር ሲያስረዳ የተሻለ ይሆናል፤ እንጀራ ስለ መጋገር እናቷን አይታ የምትጽፍ ልጅ ሊጡ ከተቦካበት ቀን እስከ ምጣዱ ድረስ ያለውን ስታስረዳ፣ «ለምን እርሾው ተጨመረ? ለምን አብሲት ተጣለ?» የሚሉት ጥያቄዎች ትምህርቱን ከሳይንስ ክፍል ጋር ያገናኙታል።

አመዛዛኙ ድርሰት ሰፋ ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ልጆች አንድን አቋም መደገፍ አያቅታቸውም፤ የሚያቅታቸው የተቃዋሚያቸውን ሐሳብ በትክክል መናገር ነው። አገራችን የበላ ልበልሃ፣ ማለትም ባላጋራዎች በዳኛ ፊት በቃል የሚከራከሩበት፣ ሙግት የነበራት አገር በመሆኗ፣ ይህን ልማድ ወደ ክፍል ማምጣት ይቻላል። «ተማሪ ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዞ ትምህርት ቤት ሊገባ ይገባዋል ወይስ አይገባውም?» በሚል ጭብጥ ሁለት ሁለት ተማሪዎችን ያቁሙ፤ አንድ ጥብቅ ደንብም ይጣል፤ ማንኛውም ተሟጋች የራሱን ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ሐሳብ ባላጋራው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ መልሶ መናገር አለበት። በመጀመሪያው ቀን ብዙዎች ይህን አይችሉም፤ ያልተባለውን ያስብላሉ ወይም የባላጋራቸውን ነገር ያቀላሉ። እየተለማመዱ ሲሄዱ ግን በጽሑፋቸው ውስጥ እንዲህ ያለ አንቀጽ መታየት ይጀምራል፦

«ስልክ የሚከለከለው ተማሪው በትምህርት ሰዓት ትኩረቱ እንዳይበተን ነው። ይህ ሥጋት እውነት ነው፤ እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቪዲዮ የሚያዩ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ቤቷ ሩቅ የሆነ ልጅ ታክሲ ጠፍቶ ሲመሽባት ለእናቷ የምትደውልበት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ስልኩ ጠዋት በር ላይ ተረክቦ ከሰዓት በኋላ ቢመለስ፣ ሁለቱም ችግር ይቃለላል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ «ይህ ሥጋት እውነት ነው» የምትለው ሐረግ ለመምህሩ ትልቅ ደስታ ልትሆን ይገባል። ሌላውን ሰምቶ፣ ከፊሉን ተቀብሎ፣ ከዚያ የራሱን ማቅረብ የቻለ የ14 ዓመት ልጅ፣ በዚህ አገር ብዙ አዋቂዎች የሚቸገሩበትን ነገር ተምሯል።

ማረም

እስካሁን የተባለው ሁሉ በማረም ጉዳይ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አራት ክፍል የሚያስተምር፣ በየክፍሉ 60 ተማሪ ያለው መምህር 240 ደብተር አለው፤ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ 20 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን በየሳምንቱ ሊሠራ የሚችል ሰው የለም፤ እንዲሠራም መጠየቅ የለበትም። መፍትሔው ግን ጽሕፈቱን መቀነስ አይደለም፤ አስተራረሙን መለወጥ ነው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይታረም፤ ምን እንደሚታረምም ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ። በዚህ ሳምንት ኃይለ ቃል ከሆነ የሚታየው፣ መምህሩ የሚያነበው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው፤ ለዚህ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። በሚቀጥለው ሳምንት የባለቤትና የግሥ ስምምነት ከሆነ፣ የሚታዩት መስመሮቹ ናቸው። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ክፍል አሥር ደብተር ብቻ ሙሉ በሙሉ ይነበብ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሁሉም አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። ተማሪዎች እየጻፉ ሳለ በወንበሮች መካከል እየተዘዋወሩ በቃል የሚሰጡት እርማትም፣ በደብተር ላይ ከሚጻፈው ይልቅ ፈጥኖ ይሠራል፤ ልጁ ስህተቱን የሚያርመው ሐሳቡ ገና ትኩስ እያለ ነውና።

ተማሪዎች እርስ በእርሳቸው ሲተራረሙ የፊደል ስህተት እንዲለቅሙ አይጠየቁ፤ ወይ ይሳሳታሉ ወይ ይጣላሉ። የጓደኛቸውን አንቀጽ አንብበው ከግርጌው ሁለት ነገር ብቻ ይጻፉ፤ አንደኛ ደስ ያላቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለተኛ ካነበቡ በኋላ ያልተመለሰላቸውን አንድ ጥያቄ። ጸሐፊው ያን ጥያቄ መልሶ አንቀጹን እንደገና ይጽፋል። እንደገና መጻፍ ቅጣት ሳይሆን የሥራው ክፍል መሆኑን ልጆች የሚያምኑት፣ ነጥቡ የሚሰጠው ለሁለተኛው ቅጂ ሲሆን ብቻ ነው።

ነጥብ አሰጣጡን በተመለከተ፣ ከ10 ቢታረም አራቱን ለሐሳቡ፣ ሦስቱን ለአደረጃጀቱ፣ ሁለቱን ለዓረፍተ ነገር አመሠራረቱ፣ አንዱን ለሥርዓተ ነጥብና ለሆሄያት መስጠት ሚዛኑን የጠበቀ ይመስለኛል። ብዙ መምህራን ይህን ሲያዩ የመጨረሻው አንሷል ይላሉ። ሆኖም ነጥቡ የሚከተለው መምህሩ የሚያስተምረውን ነው፤ በ8ኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቅ ዓመት ድርሻው ወደ ሁለት ቢያድግ ተቃውሞ የለኝም።

ለማን እንደሚጻፍ

መምህር ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ለመምህር ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁም መምህሩ ሊሰማ የሚፈልገውን እየገመተ ይጽፋል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚገኘው ሚኒ ሚዲያ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ነው። በእረፍት ሰዓት ወይም ጠዋት ከሰልፍ በኋላ በየሳምንቱ ከየክፍሉ አንድ አንቀጽ በድምፅ ማጉያ ቢነበብ፣ ጸሐፊው የሚያስበው ስለ አድማጩ ይሆናል፤ ግቢ ውስጥ የቆመው ተማሪ ይገባዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። የሚነበበው ግን ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጡ ተማሪዎች ጽሑፍ አይሁን፤ በሁለተኛው ቅጂ በግልጽ የተሻሻለ አንቀጽም እኩል ቦታ ይሰጠው። ልጆች ስለ ቤታቸው በቅንነት ሲጽፉ የቤተሰብ ችግር፣ ሕመም ወይም ሐዘን ሊገባበት ስለሚችል፣ ምንም ጽሑፍ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ አይነበብ፤ ፈቃዱም በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻ ይጠየቅ። «አይነበብብኝ» ያለ ልጅ ደብተሩ ተዘግቶ ይመለስለት፤ ነጥቡም አይነካ።